ከጀርባ የተቀዳ ፈሳሽ «ምንም አልተገኘበትም» ሲባል

ይህን ክር የከፈትኩት ሲያብሰለስለኝ የቆየ አንድ ሐሳብ ለሙያ ባልደረቦቼ ለማቅረብ ነበር። መልሶቹ በዝተው አዲስ የሚገቡ ሰዎች ከላይ የተመለሰውን እንደገና መጠየቅ ስለ ጀመሩ፣ የተባለውን እንደ ቅደም ተከተሉ፣ የራሴንም አስተያየት እየጨመርኩ ከዚህ በታች አስፍሬዋለሁ።

መነሻው ይህ ነው። በምሥራቅ ጎጃም በአንድ ሆስፒታል ላብራቶሪ እሠራለሁ። ከሕመምተኛ ጀርባ የተቀዳ ፈሳሽ ሲደርሰኝ አብሮት የሚመጣው የመጠየቂያ ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ስም፣ ዕድሜ፣ የካርድ ቁጥርና «ማጅራት ገትር?» የሚል ጥያቄ ብቻ የያዘ ነው። ፈሳሹ በስንት ሰዓት እንደተቀዳ፣ ሕመምተኛው ከዚያ በፊት ሴፍትሪአክሶን የሚባለውን ባክቴሪያ ገዳይ መድኃኒት ተወግቶ እንደሆነ፣ የደም ስኳሩ ስንት እንደነበር አይገልጽም። እኔም መርምሬ ተሕዋስ ካላየሁ «ኔጌቲቭ» ብዬ እንድጽፍ ይጠበቃል። ያቀረብኩት ሐሳብ ናሙናው የተቀዳበት ሰዓትና አስቀድሞ የተሰጠው መድኃኒት ያልተጻፈበት ውጤት «ኔጌቲቭ» ተብሎ ሊጠራ አይገባውም፣ «በደረሰን ናሙና ውስጥ አልታየም» ተብሎ ነው መጻፍ ያለበት የሚል ነበር።

ምክንያቴንም አብሬ ጽፌ ነበር። በአንድ አዋቂ ሰው አንጎልና ህብለ ሰረሰር ዙሪያ ያለው ፈሳሽ 150 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። በጤነኛ ሰው ጥርት ያለ ሲሆን በአንድ ማይክሮ ሊትር ውስጥ ከ5 የማይበልጥ ነጭ የደም ሴል፣ በዴሲ ሊትር ከ15 እስከ 45 ሚሊ ግራም ፕሮቲንና ከደም ስኳር ሁለት ሦስተኛ የሚሆን ስኳር ይገኝበታል። ባክቴሪያ ሲገባበት ይደፈርሳል፣ ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ ሴሎች አንዳንዴ ከሺህ በላይ ይሆናሉ፣ ፕሮቲኑ ይጨምራል፣ ስኳሩም ከደሙ ስኳር 40 በመቶ በታች ይወርዳል። ይሁን እንጂ ፈሳሹ በብልቃጥ ከተቀመጠ ጀምሮ መለወጡን አያቆምም። በክፍል ሙቀት የተቀመጠ ናሙና በአንድ ሰዓት ውስጥ ሲሶ ያህሉን፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ደግሞ ግማሽ ያህሉን ኒውትሮፊል ያጣል። ስለዚህ የሴል ቆጠራው ዝቅ ያለው ሕመሙ ስለሌለ ይሁን ናሙናው ስለዘገየ፣ ሰዓቱ ካልተጻፈ የሚለይበት መንገድ የለም።

1ኛው መልስ ከቡሬ የመጣ ነው። ጸሐፊው የጤና መኮንን መሆኑን ከገለጸ በኋላ በትሕትና ሐሳቡን ደግፎ፣ እኔ ያልጠቀስኩትን የማቀዝቀዣ ጉዳይ አነሣ። ቀድሞ በሠራበት ጤና ጣቢያ ማታ የተቀዳ ፈሳሽ እስኪነጋ ከክትባት ጋር ማቀዝቀዣ ውስጥ ያድር እንደነበር፣ ሁሉም ሰው ይህን ጥንቃቄ አድርጎ ይቆጥረው እንደነበር ተረከ። ሽንትም ደምም ማቀዝቀዣ ውስጥ ስለሚቀመጥ ባለሙያው የጀርባውን ፈሳሽም እንደዚያው ማድረጉ አይገርምም። ሆኖም የማጅራት ገትር ዋነኛ ተሕዋስያን የሆኑት ማኒንጎኮከስና ሄሞፊለስ ቅዝቃዜ የማይችሉ በመሆናቸው፣ እንዲህ ያደረ ናሙና ለካልቸር፣ ማለትም ተሕዋሱን ለማብቀል፣ ሲዘራ ብዙ ጊዜ ምንም አይበቅልበትም። የሚዘገይ ከሆነ በክፍል ሙቀት ወይም በኢንኩቤተር (በማሞቂያ ሣጥን) ማቆየት፣ ረጅም መንገድ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ትራንስ-አይሶሌት በሚባለው ማጓጓዣ ብልቃጥ ውስጥ መጨመር እንደሚሻል እርሱ ራሱ ጽፎታል። 2ኛው አመስግኖ ብቻ አለፈ።

3ኛው ጥያቄ ነበር፤ ከዳንግላ የጻፈች ነርስ ፈሳሹ በሦስት ብልቃጥ ሲቀዳ የትኛው ለየትኛው ምርመራ እንደሚሄድ ጠየቀች። የተለመደው አሠራር የመጀመሪያው ለስኳርና ለፕሮቲን፣ ሁለተኛው ለማቅለሚያና ለካልቸር፣ ሦስተኛው ለሴል ቆጠራ እንዲሆን ነው። ምክንያቱም መርፌው ሲገባ የነካው የደም ሥር ደም በብዛት የሚገኘው በመጀመሪያው ብልቃጥ ውስጥ ነው። ደሙ ከመጀመሪያው ወደ ሦስተኛው እየቀነሰ ከሄደ የመርፌ ደም ነው። በሦስቱም እኩል ሆኖ፣ ወዲያው በሴንትሪፊዩጅ (በፍጥነት እያሽከረከረ ዝቃጩን በሚለይ መሣሪያ) ሲዞር ከላይ የሚቀረው ውሃ ቢጫ ከሆነ ግን አንጎል ውስጥ የደም መፍሰስ መኖሩን ሊያመለክት ስለሚችል ለሐኪሙ በስልክ መንገር ይገባል። ቢጫነቱ ደሙ ከፈሰሰ ከሰዓታት በኋላ የሚመጣ በመሆኑ ገና በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የተቀዳ ፈሳሽ ቢጫ አለመሆኑ ነጻ አያወጣም።

በ4ኛው መልስ የክሩ ድምፅ ተለወጠ። ከባሕር ዳር የጻፈው ሐኪም ሐሳቤን የላብራቶሪ ሰዎች ጥፋትን ወደ ዋርድ የሚገፉበት ዘዴ አድርጎ ነው የተረዳው። እኔ የማየው ስላይድ እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ ያደረ ሕፃን አለመሆኑን፣ ማጅራት ገትር የተጠረጠረበት ሰው ሴፍትሪአክሶን ሳይወጋ ናሙና እስኪቀዳለት መጠበቅ ሰውን መግደል መሆኑን፣ በዚህ አገር መንገድና አምቡላንስ ደግሞ የመጀመሪያውን መርፌ ጤና ጣቢያው መስጠቱ ነውር ሳይሆን ግዴታ መሆኑን በጠንካራ ቃላት ጻፈ። 5ኛው ይህንኑ የበለጠ አክርሮ ደገመው፤ ከስድብ የተለየ ፍሬ ነገር ስላልነበረው አልፈዋለሁ።

በ6ኛው እኔ መለስኩ። መድኃኒቱ ይዘግይ ያልኩበት ቦታ የለም፤ መድኃኒቱ ይሰጥ፣ የተሰጠበት ሰዓት ይጻፍ ነው ያልኩት። ሰዓቱ የሚያስፈልገው እንደ ሴፍትሪአክሶን ያለ መድኃኒት ከተወጋ በሁለት ሰዓት ውስጥ ማኒንጎኮከስ በካልቸር የማይበቅል ሊሆን ስለሚችል ነው። ሌላው የማጅራት ገትር ባክቴሪያ፣ ኒሞኮከስ፣ ትንሽ ይቆያል፤ እርሱም ከአራት ሰዓት ጀምሮ ይጠፋል። የሴሉና የፕሮቲኑ ለውጥ ግን በዚያ ፍጥነት አይመለስም። መድኃኒት ወስዶ የመጣ ሰው ፈሳሽ ካልቸሩ ባዶ ሆኖ ሴሉ 800 ቢሆን፣ ሰዓቱን የሚያውቅ ሐኪም ሕክምናውን ይቀጥላል፤ የማያውቅ ሐኪም «ኔጌቲቭ» የሚለውን ቃል ብቻ አንብቦ ሊያቆም ይችላል። ለሐኪሙ የምሰጠው አንድ ነጥብ አለ፤ ጀርባ ለመቅዳት ጊዜ ባይኖር እንኳ መድኃኒቱ በሚወጋበት በዚያው ደቂቃ ለካልቸር የሚሆን ደም መቅዳት ስለሚቻል፣ ደሙ የፈሳሹን ጉድለት ብዙ ጊዜ ይሞላል።

7ኛው መልስ በኅብረተሰብ ጤና ቅኝት ላይ ከሚሠራ ሰው ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የጠቀመኝ እርሱ ነው። የተሕዋሱ ስም ለአንዱ ሕመምተኛ ብቻ የሚያስፈልግ እንዳልሆነ አስረዳ። ኢትዮጵያ ከሴኔጋል ጀምሮ በሚዘረጋው የአፍሪካ የማጅራት ገትር ቀበቶ የምሥራቅ ጫፍ ላይ ናት፤ በሽታውም የሚበረታው በበጋው ደረቅ ወራት ነው። ቀድሞ ወረርሽኙን በብዛት ያስነሣ የነበረው ኤ የሚባለው የማኒንጎኮከስ ዓይነት ሲሆን፣ ለእርሱ የተሠራው ክትባት እ.ኤ.አ. በ2010 በቡርኪና ፋሶ ተጀምሮ ከ2013 ወዲህ በአገራችንም በዘመቻ ተሰጥቷል። ከዚያ በኋላ ኤ እየጠፋ ሲ፣ ደብልዩና ኤክስ የሚባሉት ቀሩ፤ አምስት ዓይነቶችን በአንድ የሚይዘውን ክትባት የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ተቀብሎታል። ላብራቶሪው ዓይነቱን ካልለየ ግን የትኛው ክትባት ለየትኛው ወረዳ እንደሚያስፈልግ የሚወስነው ሰው በግምት ይሠራል። ፒሲአር የሚባለው ምርመራ የሞተ ባክቴሪያን ዘረመል ጭምር ስለሚያገኝ፣ መድኃኒት ወስዶ ካልቸሩ ባዶ የሆነ ሰው ፈሳሽ እንዳይደፋ፣ ቀሪው በበረዶ ማቀዝቀዣ ተቀምጦ ወደሚመረመርበት ቦታ እንዲላክ አሳሰበ። ከ1ኛው መልስ ጋር የሚጋጭ የመሰላቸው ሁለት ሰዎች ወዲያው ጠይቀውታል። ለካልቸር የሚሆነው ፈሳሽ እንዳይቀዘቅዝ፣ ለፒሲአር የሚሆነው ደግሞ እንዲቀዘቅዝ በማለት 10ኛው ላይ ለይቶ መለሰላቸው።

11ኛው የሙያ ሰው አይደለም። ከሞጣ አካባቢ የጻፈ አባት ነው፤ ልጁ ትኩሳትና አንገት መገተር ይዞት ሆስፒታል በገባ ጊዜ የጀርባ መርፌ ሽባ ያደርጋል ሲባል ሰምቶ እንዳልፈረመ፣ ልጁ በመድኃኒት ቢድንም ጥያቄው እስከ ዛሬ እንዳልለቀቀው ጽፎ፣ እውነቱን እንድንነግረው ለመነ። 12ኛው እንደ እርሱ ያሉ ወላጆች ናቸው ሥራችንን የሚያበላሹት ብሎ ተቆጣው። ይህ አባባል ተገቢ አልነበረም፤ 13ኛው መልስ የሰጡት በዕድሜ የገፉ ጡረተኛ ነርስም አንተ ልጅ፣ የጠየቀህን ሰው አስተምረው እንጂ አትገሥጸው ብለው አረሙት። ቀጥለውም ለአባትየው፣ ህብለ ሰረሰር የሚያልቀው በአዋቂ ሰው ወገብ የመጀመሪያውና የሁለተኛው አጥንት አካባቢ መሆኑን፣ መርፌው የሚገባው ግን ከዚያ በታች፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ወይም በአራተኛውና በአምስተኛው አጥንት መካከል መሆኑን፣ እዚያ ቦታ ላይ በፈሳሽ ውስጥ የተንሳፈፉ የነርቭ ክሮች ብቻ ስላሉ መርፌው ሲመጣ ገሸሽ እንደሚሉ አስረዱ። አንዲት አዋላጅም ገብታ፣ በቀዶ ሕክምና የሚወልዱ እናቶች የማደንዘዣ መርፌ የሚወጉት በዚያው ስፍራ መሆኑን ጨመረች። ይህን ያወቀ ሰው ፍርሃቱ ይቀንስለታል ብዬ አምናለሁ። ከተቀዳ በኋላ ለቀናት የሚቆይ ራስ ምታት የሚይዛቸው ሰዎች መኖራቸውንም መደበቅ አይገባም። ራሱን የሳተ፣ አንዱ ጎኑ የደከመ፣ ወይም በአንጎሉ ውስጥ ግፊት መጨመሩ የተጠረጠረ ሰው ሲቲ ስካን ሳይታይለት እንዳይቀዳ የሚከለከለውም ሽባነትን በመፍራት ሳይሆን በዚሁ ግፊት ምክንያት ነው። አባትየው እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ወጣ።

15ኛው መልስ ወደ ቲቢ ወሰደን። የጻፈው ደብረ ማርቆስ ላይ የሚሠራ የሙያ ጓደኛዬ ሲሆን፣ የቲቢ ማጅራት ገትር ለላብራቶሪ ከሁሉም የከፋ ፈተና መሆኑን በትክክል ነው የገለጸው። ሕመሙ ቀስ ብሎ በሳምንታት ስለሚመጣ ብዙዎቹ ጠበል ሞክረው፣ የታይፎይድና የወባ መድኃኒት ወስደው፣ ከደከሙ በኋላ ነው የሚደርሱት። ፈሳሹ ብዙ ጊዜ ጥርት ያለ ይመስላል፤ ሴሉ በመቶዎች፣ አብዛኛው ሊምፎሳይት የሚባለው ነጭ ሴል፣ ፕሮቲኑ ከፍተኛ፣ ስኳሩ ዝቅተኛ ይሆናል። ብልቃጡ ሳይነካ ቆሞ ሲቆይ ከመካከሉ የሸረሪት ድር የመሰለ ስስ ነገር ይረጋል። ጓደኛዬ ይህን ድር በመርፌ ጫፍ አንሥቶ ስላይድ ላይ ዘርግቶ በዚል-ኒልሰን ሲያቀልመው፣ ሌላው ፈሳሽ ያልሰጠውን ቀይ ዘንግ፣ የቲቢውን ባክቴሪያ፣ ከዚያ ውስጥ ያገኘበትን ጊዜ ተርኮልናል። ስላይዱን ለአሥር ደቂቃ አይቶ «አልታየም» ማለትና ለግማሽ ሰዓት መፈለግ በዚህ ምርመራ አንድ እንዳልሆነም አስምሮበታል። ዋናው ምክሩ መጠኑን የሚመለከት ነው። ተሕዋሱ በፈሳሹ ውስጥ እጅግ ጥቂት በመሆኑ 1 ሚሊ ሊትር ልኮ ቲቢ መጠየቅ ፋይዳ የለውም፤ ቢያንስ 6 ሚሊ ሊትር፣ ቢቻል እስከ 10 ተቀድቶ በሴንትሪፊዩጅ ዞሮ ዝቃጩ ነው መመርመር ያለበት። አዋቂ ሰው በቀን 500 ሚሊ ሊትር ያህል ፈሳሽ ስለሚያመነጭ የተቀዳው በጥቂት ሰዓት ይተካል።

16ኛው የቲቢን ዘረመል የሚፈልገው ጂን ኤክስፐርት የሚባል መሣሪያ እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን አስፈለገ ሲል ጠየቀ፤ 17ኛው ደግሞ ጂን ኤክስፐርቱ ኔጌቲቭ ከሆነ የቲቢውን መድኃኒት ማቆም እንደሚገባ እርግጠኛ ሆኖ ጻፈ። ይህ ስሕተት ነው፤ እኔም 18ኛው ላይ ለስላሳ ባልሆነ ቃል አርሜዋለሁ። የዓለም የጤና ድርጅት መሣሪያውን ለዚህ ፈሳሽ እንዲውል እ.ኤ.አ. በ2013 ሲመክር የመጀመሪያ ምርመራ ይሁን አለ እንጂ ብቸኛ ዳኛ ይሁን አላለም። የመጀመሪያው ካርትሪጅ (ናሙናው ተጨምሮበት መሣሪያው ውስጥ የሚገባው ዕቃ) ተሕዋሱን ለማግኘት በአንድ ሚሊ ሊትር ከመቶ በላይ ሕያው ባክቴሪያ ይፈልግ ነበር፤ አልትራ የሚባለው አዲሱ 16 ያህል ይበቃዋል። መሻሻሉ ትልቅ ነው። ነገር ግን በዚህ ፈሳሽ ውስጥ ከዚያም ያነሰ ተሕዋስ ይዞ የሚሞት ሰው አለ። ውጤቱ ፖዘቲቭ ከሆነ ይታመናል፣ ሪፋምፒሲን የተባለውን የቲቢ መድኃኒት የሚቋቋም መሆን አለመሆኑንም ይነግረናል፤ ኔጌቲቭ ከሆነ ግን ሕክምናውን የሚያስቆም ማስረጃ አይደለም። ካልቸሩ ደግሞ ስድስት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ስለሚችል እርሱን የሚጠብቅ ሕመምተኛ የለም።

19ኛውን የጻፈችው በኤች አይ ቪ ክሊኒክ የምትሠራ ባለሙያ ናት። ማጅራት ገትር የሚያመጣውን ፈንገስ፣ የክሪፕቶኮከስን ነገር ካላነሣችሁ ክሩ ጎደሎ ነው ብላ በጨዋ ቋንቋ ወቀሰችን፤ ልክ ነበረች። አንድ ጠብታ የፈሳሹ ዝቃጭና አንድ ጠብታ የሕንድ ቀለም ስላይድ ላይ ተቀላቅሎ ሲታይ፣ ጥቁሩ መደብ ላይ ፈንገሱ በዙሪያው ሰፊ ብሩህ ቀለበት ይዞ ይወጣል። ቀለበቱ ቀለሙን የሚገፋው የፈንገሱ ወፍራም ሽፋን ነው። ጀማሪ ባለሙያ የአየር አረፋን ወይም ሊምፎሳይትን እርሱ ነው ብሎ ይሳሳታል፤ የሚለየው የፈንገሱ ግድግዳ ጠርዙ ስል ሆኖ በመታየቱ፣ አንዳንዴም ከጎኑ ትንሽ ቡቃያ አውጥቶ በመገኘቱ ነው። ቀለሙ ከበዛ ሁሉም ይጨልማል፣ ካነሰ ቀለበቱ አይታይም። ፈንገሱ ጥቂት ሲሆን ይህ ዘዴ ብዙ ሰው ያመልጠዋል፤ በወረቀት ዘንግ ላይ በአሥር ደቂቃ የሚነበበው የክሪፕቶኮከስ አንቲጅን (የፈንገሱ ሽፋን ቅንጣት) ምርመራ ግን እምብዛም አይስትም። ለደምም ስለሚሠራ ሲዲ ፎሩ (የመከላከያ ሴሉ ቁጥር) የወረደ ሰው ራሱን ሳይታመም አስቀድሞ ሊመረመርበት ይችላል። ከዚህ በላይ የተናገረችው ግን ስለ ሴሉ ነው፤ የሰውነት መከላከያው የደከመ ሰው ፈንገሱ ሞልቶበት ሴሉ 3 ወይም 4 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሴሉ ትንሽ ነው ብሎ ቀሪውን ምርመራ የሚሰርዝ ላብራቶሪ ይህን ሰው ያጣዋል።

እግረ መንገዷንም ግፊት መለካትን አነሣች። በዚህ በሽታ የሚገድለው ብዙ ጊዜ ግፊቱ ነው፤ ከ25 ሴንቲ ሜትር ውሃ በላይ ከሆነ ፈሳሹን ቀድቶ ማውረድ ራሱ ሕክምና ነው። መለኪያው በሌለበት ቦታ የግሉኮስ መስጫ ንጹሕ ቱቦ ከመርፌው ጋር አገናኝቶ፣ ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ ፈሳሹ የቆመበትን ከፍታ በማስመሪያ መለካት እንደሚቻል አስረድታለች። 4ኛውን የጻፈው ሐኪም ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ቁጣ ተመልሶ፣ ይህን ነገ እንደሚሞክረው ጻፈ።

ከ21ኛው ጀምሮ ክሩ ወደ ሌላ ሌላ ሄደ። ከጃዊ ቆላ የጻፈ ባለሙያ፣ በእነርሱ ዘንድ ራሱን የሳተ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የአንጎል ወባ እንደሚባል፣ የጣት ደም ምርመራው ኔጌቲቭ ከሆነ ደግሞ ወባው እንደሚረሳ ተናገረ። ፈጣኑ ምርመራ የሚፈልገውን ፕሮቲን የማያመርት የወባ ተሕዋስ በአገራችን መኖሩ ስለ ተረጋገጠ በጊምሳ የተቀለመ ስላይድ መታየት እንዳለበት ነገርነው፤ በተቃራኒውም ወባ በደሙ የተገኘበት ሕፃን ማጅራት ገትር የለበትም ማለት እንዳልሆነ። ሌላው መንጋጋ ቆልፍን በላብራቶሪ ማረጋገጥ ይቻል እንደሆነ ጠየቀ፤ አይቻልም፣ የሚታወቀው በምልክቱ ነው። ስለ እብድ ውሻ በሽታ የጠየቀው ደግሞ ረዘም ያለ መልስ አገኘ። የውሻው አንጎል፣ በተለይ ግንዱና ትንሹ አንጎል፣ በሚያበራ ፀረ እንግዳ አካል ቀለም ይመረመራል፤ ጭንቅላቱም ሳይበሰብስ በበረዶ ሳጥን መድረስ አለበት። በሕይወት ባለ ሰው ላይ ግን ምራቅ፣ ከማጅራት የተቆረጠ ቆዳና የጀርባ ፈሳሽ ቢመረመሩም አንዱ ብቻውን አያረጋግጥም። የተነከሰ ሰው የውሻውን ውጤት ሳይጠብቅ ቁስሉን በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወደ ክትባት መሄድ አለበት።

25ኛው ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው ኮሶው አንጎሉ ውስጥ ገብቶ የሚጥል በሽታ ያመጣበታል ብሎ ሰበከ። 26ኛው አረመው፦ አንጎል ውስጥ የሚገባው ከአሳማ ኮሶ ትል እንቁላል የሚፈለፈለው እጭ እንጂ እኛ ከበሬ ሥጋ የምናገኘው አይደለም፤ የበሬው ኮሶ ሆድ ውስጥ ይቀራል። ከዚህ በኋላ ስለ ፋሲካ ሥጋ የተጻፉትን ሦስት መልሶች መድገም አያስፈልግም።

30ኛው ግን፣ አወያዩ ከርእስ ወጣችሁ ብሎ ቢያስጠነቅቅም፣ ከርእሱ የወጣ አይመስለኝም። ከብቸና አካባቢ የጻፈ መምህር፣ በመረሬ መሬት ዝናብ ያበላሸውን አዝመራ ጓያ ተክቶት፣ ወራቱን ሙሉ የጓያ ቂጣና ሽሮ የበላ ጎረቤቱ እግሩ ተሳስሮ በትር ይዞ መሄድ መጀመሩን፣ ሆስፒታል ሄዶ ጀርባው ተቀድቶ ምንም እንዳልተገኘበት፣ የቤተሰቡም ሰው ላብራቶሪው አላወቀውም ብሎ እንደተናደደ ተረከ። የጓያ ስብራት በላብራቶሪ የሚገኝ ተሕዋስ የለውም። ጓያው ውስጥ ያለው ቤታ-ኦዳፕ የሚባል መርዝ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግርን የሚያዙትን የነርቭ መንገዶች ይጎዳል፤ እግሩ ይገተራል፣ መቀስ እንደሚዘጋ እየተጠላለፈ ይሄዳል፣ የቆዳው ስሜትና አእምሮው ግን ጤነኛ ናቸው። ሐኪሞች ደረጃውን የሚለዩት በበትሩ ነው፤ ያለ በትር የሚሄድ፣ ባለ አንድ በትር፣ ባለ ሁለት በትር፣ በመጨረሻም የሚንፏቀቅ። እዚህ ላይ የላብራቶሪው ሥራ ሌላውን ማስወገድ ነው፦ ቂጥኝን፣ ኤች አይ ቪን፣ ኤች ቲ ኤል ቪ-1 የሚባለውን ቫይረስ፣ የቫይታሚን ቢ12 ማነስን፤ የአከርካሪ ቲቢን ደግሞ በምስል። ስለዚህ የመምህሩ ጎረቤት «ምንም አልተገኘበትም» መባሉ በአግባቡ ከተነበበ ራሱ መልስ ነበር። ቤተሰቡን ያስቆጣው ይህን ተቀምጦ የሚያስረዳቸው ሰው በማጣታቸው ይመስለኛል። የተጎዳው ባይመለስም የቀሩት የቤቱ ሰዎች ጓያውን ዘፍዝፈው ውሃውን በመድፋት፣ ከሌላ እህል ጋርም በመቀላቀል ሊድኑ ይችላሉ።

33ኛውን የጻፈው ወጣት ሁላችንንም ኋላ ቀር አለን። በአንድ ካርትሪጅ 14 ተሕዋስያንን በአንድ ሰዓት ገደማ የሚለይ የፒሲአር መሣሪያ እያለ ስለ ማቅለሚያና ሴል ስለሚቆጠርበት ቻምበር ማውራት ጊዜ ማባከን መሆኑን ጻፈ። 34ኛው በምሬት መለሰለት፤ የካርትሪጁን ዋጋ፣ መብራት ሲጠፋ የሚበላሸውን ምርመራ፣ ጊዜው አልፎበት የሚጣለውን ዕቃ ዘርዝሮ፣ መጥተህ እዚህ አንድ ክረምት ሥራ አለው። እኔ ከሁለቱም ጋር በግማሽ ነኝ። ሄርፒስ የሚባለው ቫይረስ አንጎል ላይ ሲወጣ በማይክሮስኮፕ የሚታይ ነገር ስለሌለው ያለ ፒሲአር አይያዝም። ፒሲአሩም ግን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ኔጌቲቭ ሆኖ በድጋሚ ሲቀዳ ፖዘቲቭ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ ያ ትልቅ መሣሪያም ቢሆን ሕመሙ ስንተኛ ቀኑ እንደሆነ የተጻፈበት ወረቀት ያስፈልገዋል።

36ኛው ላይ የባሕር ዳሩ ሐኪም ወደ መነሻው ተመለሰ። ሰዓቱን መጻፍ ተገቢ መሆኑን ተቀብሎ፣ «በደረሰን ናሙና ውስጥ አልታየም» የሚለው አጻጻፍ ግን ተረኛ ሐኪምን ግራ ከማጋባት በቀር እንደማይጠቅም፣ ሰው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ረጅም ዓረፍተ ነገር እንደማያነብ ተከራከረ። በዚህ አልተስማማንም፤ እስከ አሁንም አልተስማማንም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚነበብ አንድ ቃል ሐሰት ከሚሆን ግራ ቢያጋባ ይሻላል የሚለው አቋሜ ነው።

የመጨረሻው፣ 38ኛው፣ ከእንጅባራ የመጣ የሥራ ጥያቄ ነው። ከሕፃን ጀርባ የተገኘው 1 ሚሊ ሊትር ብቻ ቢሆንና ሁሉም ምርመራ ቢታዘዝ ከየት እንጀምር የሚል ነው። መልሴ ይህ ነው፦ ሳይዞር በፊት ለሴል ቆጠራ ጥቂት ጠብታ ይወሰድ፣ ከዚያ ቀሪው በንጹሕ ብልቃጥ በሴንትሪፊዩጅ ይዙር። ዝቃጩ ለካልቸር ይዘራ፣ ባክቴሪያ በማይክሮስኮፕ ለሚታይበት ለግራም ማቅለሚያም ይቀባ፤ ከላይ የቀረው ጥርት ያለ ውሃ ለስኳር፣ ለፕሮቲን፣ አስፈላጊ ከሆነም ለክሪፕቶኮከስ አንቲጅን ይበቃል። የደም ስኳሩም በዚያው ሰዓት ይለካ። ለጂን ኤክስፐርት የሚሆን ግን ከዚህ አይተርፍም፤ ቲቢ በእርግጥ ከተጠረጠረ ሕክምናው ተጀምሮ በማግስቱ እንደገና ይቀዳል።